ከመጥረጊያ እንጨት እስከ ኦሊምፒክ መድረክ፦ የሴት ክብደት አንሺ ሙያ እንዴት ይገነባል?

ፊሊፒንሳዊቷ ሂዲሊን ዲያዝ በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ገና 17 ዓመቷ ነበር። በ2012 ለንደን ላይ በክሊን ኤንድ ጀርክ (ብረቱን መጀመሪያ ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከራስ በላይ በማንሳት) ሦስቱንም ሙከራ ስታ ያለ ውጤት ወጣች። በ2016 ሪዮ ላይ ብር አገኘች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ለአገሯ በታሪክ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቤጂንግ እስከ ወርቁ 13 ዓመት መሆኑ ነው። ስፖርቱን ልትጀምር ላሰበች ልጅ፣ ለወላጆቿና ለአሰልጣኟ የእሷን ያህል የሚያስተምር መንገድ አናውቅም፤ ሙያውን የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ውሳኔዎች በላዩ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አብዛኛዋ አንሺ ከስፖርቱ የምትወጣው ጉልበት አጥሯት አይደለም። ቴክኒኩ ሳይገባት ኪሎ ተጭኖባት፣ ለሰውነቷ የማይሆን የክብደት ምድብ ተመርጦላት፣ ወይም በውድድር ቀን የመክፈቻ ኪሎዋ ያለ ሒሳብ ተጽፎ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከእነዚህ ስለመጠበቅ ነው።

ዕቃው

የሴቶች ውድድር ዘንግ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ርዝመቱ 2.01 ሜትር፣ የመያዣው ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ነው። የወንዶቹ 20 ኪሎ፣ 2.20 ሜትርና 28 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ትንሽ እጅ ያላት ልጅ በ28 ሚሊ ሜትር ዘንግ አውራ ጣቷን በጣቶቿ መሸፈን ስለሚያቅታት ገና ከመጀመሪያው የተሳሳተ አያያዝ ትለምዳለች። ጂሙ ውስጥ ያለው የወንዶች ዘንግ ብቻ ከሆነ ለቴክኒክ ልምምድ እንጨት ይሻላል። ቀጥ ያለ፣ ያልተሰነጠቀ የመጥረጊያ እንጨት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ ነው።

ትልቁ ዲስክ ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዘንጉ ከመሬት 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ጀማሪዋ የምታነሳው በትንንሽ ዲስክ ከሆነ ዘንጉ ወደ መሬት ይጠጋና ጀርባዋ ጎብጦ ትነሳለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከዲስኮቹ ሥር ጣውላ ወይም የጎማ ንጣፍ ደርድሮ የዘንጉን መሐል 22.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ማድረስ። ይህ ሳይስተካከል «ጀርባሽን ቀጥ አድርጊ» ብሎ መጮህ ጥቅም የለውም።

ጫማው የማይሰምጥ ሶልና 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ተረከዝ ቢኖረው ይመረጣል። የሩጫ ጫማ ከሥር ስፖንጅ ስለሆነ ብረቱ ከራስ በላይ ሲሆን ቁርጭምጭሚትን ያወዛውዛል፤ የክብደት ጫማ ከሌለ ጠፍጣፋ የሸራ ጫማ ይበልጠዋል።

ስለ ቤት ሠራሽ ዕቃ አንድ ነገር እንጨምር። ዲያዝ በ2020 ማሌዥያ ውስጥ ለልምምድ ሳለች በኮሮና ምክንያት እንቅስቃሴ ሲዘጋባት በቀርከሃ ዘንግ ላይ ትላልቅ የውሃ ጠርሙሶች አንጠልጥላ ሠርታለች። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ። ለስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ለማለት) እና ተሸክሞ ለመራመድ ይበቃል። ስናች (ብረቱን ከመሬት በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማንሳት) ግን በጀሪካን አይሠራም፤ ውሃው ስለሚናጥ ትከሻን ያስታል። በሲሚንቶ የተሠራ ዲስክም ከራስ በላይ አይነሳም፤ ሲጣል ይፈረካከሳል፣ ላለመጣል ስትታገል ደግሞ የምትጎዳው አንሺዋ ናት።

የመጀመሪያው ዓመት

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ልምምድ በእንጨት ወይም በባዶ ዘንግ 10 ደቂቃ ይጀምራል፤ ከዚያ ስናች ወይም ክሊን ኤንድ ጀርክ 6 ዙር በ3 ድግግሞሽ፣ ስኳት 5 ዙር በ5፣ በመጨረሻም የሆድና የጀርባ ሥራ። ኪሎ የሚጨመረው ከ6ቱ ዙር ቢያንስ 5ቱ ያለ እንከን ሲያልቁ ነው፤ ጭማሪውም ከ1 እስከ 2.5 ኪሎ። «ዛሬ ደህና ነሽ፣ 10 ኪሎ ጨምሪ» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመሽ ስለ ሙያሽ ዕድሜ የሚያስብ ሰው አይደለም።

ስናች ላይ እንቆይ፤ ሌላው ሁሉ የሚማረው በእሱ ነው።

እግሮች በዳሌ ስፋት፣ ዘንጉ የጫማሽ ክር ከሚታሰርበት በላይ። የአያያዝሽ ስፋት የሚታወቀው ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ዘንጉን በረጅም ክንድ ስትይዢው ነው፦ ጭንና ሆድ የሚታጠፉበት መስመር ላይ መድረስ አለበት፤ ዝቅ ካለ እጅሽን አስፊ። አውራ ጣት በዘንጉና በጣቶች መካከል ይገባል። ሁክ ግሪፕ የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ያማል፣ ከዚያ ይለመዳል። በሕመሙ ምክንያት የተወችው ልጅ ኪሎው ሲከብድ ዘንጉ ከእጇ ይሾልካል።

ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ጉዞ ዝግ ያለ ነው። መሬቱን በእግርሽ ግፊ፤ ዳሌና ትከሻ እኩል ይነሱ፤ ትከሻ ከዘንጉ ትንሽ ወደ ፊት ይቅደም። ዘንጉ ጉልበትን ሲያልፍ ጭንን እየታከከ ይወጣል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው እዚያ ነው። እግርና ዳሌ እስኪዘረጉ ክንድ አይታጠፍም። ከዚያ ብረቱን ጠብቀሽ ከሥሩ አትገቢም፤ ራስሽን ከሥሩ ትስቢያለሽ። ሙሉ ስኳት ላይ በተቆለፈ ክርን ተቀበዪው፣ ተነሺ፣ የዳኛው ምልክት እስኪሰጥ ዝም ብለሽ ቁሚ።

የሚበላሸው እዚህ ነው። ዳሌ ከትከሻ ቀድሞ ከተነሳ ብረቱ ወደ ፊት ይርቅና አንሺዋ እሱን ለመያዝ ወደ ፊት ትዘላለች። መንስኤው ብዙ ጊዜ የእግር ድካም ወይም የበዛ ኪሎ ነው፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ በሆነ ኪሎ ጉልበት ላይ 2 ሰከንድ እያቆሙ መሥራት ያርመዋል። ብረቱ ዳሌን መትቶ ወደ ውጭ ከተወረወረ ዳሌው ወደ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ፊት ተገፍቷል ማለት ነው። ብረቱን ከራስ በላይ ከተቀበልሽ በኋላ ክርንሽ ታጥፎ ከተዘረጋ ደግሞ ዳኞች ቀይ መብራት ያበራሉ፣ ማንሻው አይቆጠርም። ለዚህ መድኃኒቱ ብረትን ከራስ በላይ ይዞ ስኳት መሥራትና ታች ላይ 3 ሰከንድ መቆየት ነው። ክርኗ በተፈጥሮ እስከ መጨረሻ የማይዘረጋ አንሺ ይህንን ከማንሳቷ በፊት ለዳኞች ማሳየት አለባት፤ ብዙዎች ይረሱትና ንጹሕ ማንሻ ይሰረዝባቸዋል።

በጀርክ፣ ማለትም ብረቱን ከትከሻ ወደ ላይ በሚገፋው ክፍል በኩል፣ ዋናው ስህተት ጉልበት ሲታጠፍ ደረት ወደ ፊት መውደቁ ነው። ጥልቀቱ የቁመትሽ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሁን፤ 160 ሴንቲ ሜትር ለሆነች 16 ሴንቲ ሜትር። ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ተረከዝ ሳይነሳ። ክብደቱ ወደ ጣቶች ከሄደ ብረቱ ከፊትሽ ይወድቃል። ከተቀበልሽው በኋላ መጀመሪያ የፊት እግር ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ የኋላው ወደ ፊት ይመጣል።

ኪሎው ሲያድግ

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ልምምዱ ወደ አራትና አምስት ቀን ይወጣል። ከማንሻዎችሽ አብዛኛው ከምርጥ ኪሎሽ ከ70 እስከ 85 በመቶ ላይ ይሁን። ምርጥ ስናችሽ 50 ኪሎ ከሆነ ከ35 እስከ 42.5 ማለት ነው። ከ90 በመቶ በላይ በሳምንት ጥቂት ማንሻ ይበቃል፤ በየአራተኛው ሳምንት የማንሻውን ብዛት በ40 በመቶ ቀንሺ። በየሳምንቱ ምርጧን የምትፈትን አንሺ በሦስት ወር ውስጥ ጉልበቷ ወይም የታችኛው ጀርባዋ ያቆማታል።

ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ የሰውነት ክብደት፣ ኪሎ፣ ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ወደ ፊት ወደቀ ወይስ ወደ ኋላ። ከዚህ ደብተር ላይ አንድ ጠቃሚ ቁጥር ይወጣል፤ ስናች ለክሊን ኤንድ ጀርክ ያለው መጠን። ዲያዝ በሪዮ 88 እና 112 አነሳች፣ 79 በመቶ ገደማ ነው። በቶኪዮ 97 እና 127፣ 76 በመቶ። ያንቺ ከ75 በታች ከወረደ ስናችሽ ወይም የትከሻሽ መተጣጠፍ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከ85 በላይ ከሆነ እግርሽ ወይም ጀርክሽ ደካማ ነው፣ የፊት ስኳት (ብረቱን ከፊት በትከሻ ላይ ይዞ የሚሠራውን) ጨምሪ።

ምግብ፣ ጾምና የሴት ሰውነት

ክብደት ማንሳት ቁመት አያስቀርም፣ ማህፀንም አያበላሽም። ወላጆች ይህን በመፍራት ልጆቻቸውን ሲከለክሉ ያሳዝነናል። የሚጎዳው ብዙ እየሠሩ ጥቂት መብላት ነው። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ለአሰልጣኝ መንገርና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ የብረት ማዕድንም ይመርመር። «ስፖርተኛ ስለሆንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ አጥንት የሚሳሳው በዚያን ጊዜ ነው።

ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.6 እስከ 2 ግራም ይሁን። ለ55 ኪሎ ልጅ ከ88 እስከ 110 ግራም ነው። በጾምም ይሞላል፦ 150 ግራም ያልበሰለ ምስር 36 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የሽንብራ ሽሮ 20፣ 50 ግራም ለውዝ 13፣ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 26፤ ድምሩ 95። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ልጅ ልምምዷን ከበላች ሁለት ሰዓት በኋላ ታድርገው፤ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ። ባዶ ሆድ ላይ ከባድ ስናች አይሠራም።

የክብደት ምድብ መምረጥ

ዲያዝ በቤጂንግና በለንደን በ58 ኪሎ ተወዳደረች። ለሪዮ ወደ 53 ወረደች፣ ብሩ እዚያ መጣ። ምድቦቹ ሲቀየሩ በ55 ቶኪዮን አሸነፈች። ለፓሪስ 2024 ግን ኦሊምፒክ የያዘው 49፣ 59፣ 71፣ 81 እና ከ81 በላይ ብቻ ነበር፤ 55 ቀረ። ስድስት ኪሎ ወርዳ 49 መግባት ስለማይታሰብ ወደ 59 ወጣች፤ እዚያ የአገሯ ልጅ ኤልሪን አንዶ በለጠቻት። በአንድ ምድብ አንድ አገር የምታሰልፈው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነ የ2022 የዓለም ሻምፒዮኗ ዲያዝ ከፓሪስ ቀረች።

ስለዚህ ምድብ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፦ በጤና የምትኖሪበት ክብደት፣ ምድቡ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ መኖሩ፣ በዚያ ምድብ አገርሽ ውስጥ ማን እንዳለ። ለሁለት ዓመት አስቀድሞ መወሰን ይሻላል፤ አምስት ኪሎ መውረድም መውጣትም በዝግታ ሲሆን ነው ጉልበት የማይጠፋው።

ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ለውድድር ብላ ክብደት አትቀንስ፤ ያለችበት ምድብ ትግባ። አዋቂዋ በመጨረሻው ሳምንት ከ2 እስከ 3 በመቶ በላይ አትቀንስ። ለ53 ምድብ ልምምድ ላይ ከ54 እስከ 54.5 መሆን ይበቃል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ጨውና ጥራጥሬ ይቀነሳል፣ በዋዜማው ማታ ውሃ ይቀነሳል። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት በጭራሽ አይወሰድም፤ የተከለከለ ነው፣ በምርመራ ይገኛል፣ ጡንቻንም ያኮማትራል። ሚዛን የሚጀመረው ከውድድሩ ሁለት ሰዓት በፊት ሲሆን አንድ ሰዓት ይቆያል። ከሚዛን እንደወረድሽ ጨውና ስኳር ያለው ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጪ፣ ሙዝና ዳቦ በማር ብዪ። ጥሬ ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ በዚያ ቀን ይቅር።

የውድድር ቀን ሒሳብ

ሜዳሊያ የሚታጣው ወይም የሚገኘው እዚህ ነው። ሦስት ስናች፣ ሦስት ክሊን ኤንድ ጀርክ፤ ከእያንዳንዱ ምርጡ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። በአንዱ ሦስቱንም የሳተች ድምር የላትም። በሪዮ የቻይናዋ ሊ ያጁን በስናች 101 ኪሎ አንስታ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ከሰበረች በኋላ በክሊን ኤንድ ጀርክ ሦስቱንም ሳተች። ታይዋናዊቷ ሹ ሹቺንግ በ212 ወርቁን ወሰደች፣ ዲያዝ በ200 ብሩን፣ የደቡብ ኮሪያዋ ዩን ጂንሂ በ199 ነሐሱን። ብሩና ነሐሱ የተለያዩት በአንድ ኪሎ መሆኑን ልብ በዪ።

የመክፈቻ ኪሎ ማለት ደክሞሽ እንኳ በልምምድ ከሦስት ሦስቱንም የምታነሺው ነው፤ ከምርጥሽ ከ91 እስከ 93 በመቶ። ምርጥ ስናችሽ 60 ከሆነ 55፣ 58፣ 61 ብለሽ አስቢ። ማሟሟቂያው ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ባዶ ዘንግ ደጋግሞ፣ 25 ኪሎ 3 ጊዜ፣ 35 ኪሎ 2 ጊዜ፣ ከዚያ 42፣ 47፣ 50፣ 52 አንድ አንድ ጊዜ። 52ቱ የሚነሳው ተራሽ ሊደርስ በመድረኩ ላይ ሦስት ሙከራ ሲቀር፣ 50ው ስድስት ሲቀር፣ 47ቱ ዘጠኝ ሲቀር። አንድ ሙከራ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደቂቃ ይወስዳል። አሰልጣኟ ሰሌዳውን እያየ የሚቆጥር ረዳት ከሌለው ወይ ቀድማ ትሞቅና ትቀዘቅዛለች፣ ወይ ሳትሞቅ ትጠራለች። ከስናች በኋላ ያለው እረፍት 10 ደቂቃ ነው።

ስምሽ ከተጠራ አንድ ደቂቃ አለሽ፤ ሌላ አንሺ በመሐል ሳይገባ ራስሽን ተከትለሽ የምታነሺ ከሆነ ሁለት። ኪሎ መቀየር የሚቻለው ለአንድ ሙከራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሰዓቱ 30 ሰከንድ ከመቅረቱ በፊት። ተፎካካሪዎችን ለማዳከምና እረፍት ለማግኘት አሰልጣኞች ይህን ይጠቀሙበታል፤ ሁለቱን ቀድመሽ አትጨርሺ።

የቶኪዮን ፍጻሜ እንመልከት። ዲያዝና የቻይናዋ ሊያው ቺዩን በስናች ሁለቱም 97 አነሱ። ሊያው በመጨረሻ ሙከራዋ 126 አነሳችና ድምሯ 223 ሆነ። ዲያዝ 124 አንስታ 221 ላይ ነበረች፣ አንድ ሙከራ ቀርቷታል። 126 ብታነሳ 223 ለ223 ይሆናል፤ ድምር ሲተካከል ደግሞ የሚቀድመው ያንን ድምር ቀድሞ ያገኘ ነው፣ እሱም ሊያው። ወርቅ የሚሰጠው ትንሹ ኪሎ 127 ነበር። 127 ተጻፈ፣ ተነሳ፤ ድምሩ 224፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። 128 ማለት ትርጉም አልነበረውም። አሰልጣኝ ይህን ስሌት በ30 ሰከንድ ውስጥ መሥራት የሚችለው ቀድሞ በወረቀት ስለተለማመደው ነው።

ደመወዝ፣ ቡድንና ምርመራ

ማንም ብቻውን እዚህ አይደርስም። ዲያዝ ለቶኪዮ ቻይናዊ አሰልጣኝ ጋኦ ካይወን፣ የጉልበት አሰልጣኝ ጁሊየስ ናራንሆ፣ የምግብና የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበራት። የፊሊፒንስ አየር ኃይል ባልደረባ በመሆኗ ቋሚ መተዳደሪያ ነበራት፤ እንደዚያም ሆኖ በ2019 ለዝግጅቷ ድጋፍ በአደባባይ ለመጠየቅ ተገዳለች። በእኛም አገር መከላከያን የመሰሉ ተቋማት ሯጮችን በደመወዝ ይይዛሉ፤ አንሺ ልጅም ቤተሰቧ ከመክሰሩ በፊት እንዲህ ያለ ማረፊያ ትፈልግ። ትምህርትም አይቋረጥ።

ስለ ተከለከሉ መድኃኒቶች በአጭሩ። ስቴሮይድ አራት ዓመት ያሳግዳል። የካዛኪስታኗ ዙልፊያ ቺንሻንሎ የለንደን 2012 ወርቋ ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር ተነጥቋል። በከፍተኛ ደረጃ ስትመዘገቢ ለድንገተኛ ምርመራ በየቀኑ የት እንዳለሽ የምትገልጪበት 60 ደቂቃ ይኖርሻል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘሽ ወይም በትክክል ካልሞላሽ ጥፋት ነው። ማስታወሻ በስልክሽ ላይ አድርጊ፣ ለአሰልጣኝ አትተዪው። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን በውድድር ቀን ከተወሰነ መጠን በላይ ክልክል ነው፤ ፋርማሲ ስትሄጂ አትሌት መሆንሽን ተናገሪ። ስያሜው ብቻ የሚታወቅ የጡንቻ ዱቄት አትግዢ።

ከ30 በኋላ

ዲያዝ በ2022 ቦጎታ ላይ በ31 ዓመቷ በ207 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ዕድሜ ሲጨምር ቴክኒክና ጉልበት ብዙም አይጠፋም፤ የሚዘገየው ማገገም ነው። ከባድ ስኳት በሳምንት ወደ ሁለት ይውረድ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ማንሻ ለውድድር መዳረሻ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ማሠልጠንንም በዚህ ጊዜ መጀመር ነው፤ የአሰልጣኝነትና የዳኝነት ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ስለሚወስድ ብረቱን ካስቀመጡ በኋላ መመዝገብ ገቢ የሌለበት ባዶ ዘመን ያስከትላል። በሳምንት ሁለት ቀን ከልጆች ቡድን ጋር ቆመሽ የእነሱን ደብተር በመሙላት ጀምሪ።